ለቧንቧ ያወረድኩት ሙሾ

በእኛ ከተማ የሰውን የመጨረሻ ቃል የሚናገረው ሟቹ አይደለም፤ አልቃሿ ናት። ሟቹ በሕይወት ሳለ ያሻውን ሊናገር፣ ሊያስጽፍም ይችላል፤ ያ ሁሉ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። ሬሳው ወጥቶ፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ከቆመ በኋላ አልቃሿ መሃል ገብታ በሟቹ አፍ «እኔ» ብላ የምታወርደው ግን ኑዛዜ ነው። ሹም አይሽረውም፤ ዳኛ አይመረምረውም። ከእኔ በፊት የነበረችው አልቃሽ በአንድ ሽማግሌ አፍ «በቅሎዬን ፍቱልኝ፣ እንደ እኔ ትረፍ» ብላ ነበር ይባላል። በቅሎዋ ተፈታች። በዚያው ሳምንት ጅብ በላት። ልጆቹ የአባታቸው ቃል ስለተፈጸመ ደስ አላቸው።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከዚያች ሴት በኋላ አልቃሽ የሆንኩት እኔ አስካል ነኝ።

ሙሾ ማንም አላስተማረኝም። እናታችን የሞተች ዕለት ኃይለኛ ዝናብ ጣለና አልቃሿ ወንዙ ሞልቶባት ቀረች። ሰዉ ክብ ሠርቶ እርስ በርሱ ሲተያይ እኔ ገባሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ስጨርስ ግን የማላውቃቸው ወንዶች የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ይዘው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በሞተ ቁጥር የቤቴ በር ይመታ ጀመር። ፊደልም ቢሆን የለየሁት ብቻዬን፣ ከመቃብር ድንጋዮች ላይ ነው። በምጽፈው ውስጥ ስሕተት ካለ ድንጋይ ጠራቢው ይጠየቅበት።

ወንድሜ ስንሻው በሁለት ዓመት ያንሰኛል። «ያንሰኝ ነበር» ማለት አለብኝ፤ እጄ ግን እምቢ ይላል። ወጣት ሳለ ከከተማው ወጥቶ ሩቅ አገር ቧንቧ መቅበር ተማረ። ሲመለስ ሚስቱን አዝመራን፣ አንድ ሣጥን መፍቻና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ።

ሐሳቡን ለመረዳት የምንጠጣውን ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ የምንቀዳው ከወንዝ ነበር። ሰፈራችን ከወንዙ በላይ ተዳፋት ላይ ነው። የምንጸዳዳውም ከየቤታችን ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያንን ሁሉ አጥቦ ወደምንቀዳበት ያወርደዋል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ የእኔ የሥራ ወራት ነበሩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ አላፍርም ነበር። ሰው ይሞታል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ከዚያ አልፌ አላሰብኩም።

ስንሻው ሁለት መስመር ይቀበር አለ። አንዱ ከላይኛው ምንጭ ተነሥቶ ንጹሑን ወደ ሰፈር የሚያመጣ፤ ሌላው ከየቤቱ ቆሻሻውን ተቀብሎ ከወንዙ ርቆ ወደሚቆፈር ጉድጓድ የሚወስድ። ይህንኑ ሊያስረዳ ወደ «የሚታይ ነገር ሹም» ሄደ።

የሚታይ ነገር ሹም በከተማችን ከሁሉ በላይ የሚከበሩ ሹም ናቸው። ሥራቸው የሚታዩ ነገሮች መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። በእሳቸው ዘመን የትምህርት ቤቱ በር ተሠርቶ ተመረቀ፤ ትምህርት ቤቱ ለሚቀጥለው ሹም ተተወ። ጎንጤ የሚባል ልብስ ሰፊም ነበራቸው፤ ሥራው የተቆረጠውን የምረቃ ሪባን መልሶ መስፋት ነው። ያ ሪባን ሠላሳ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰፍቷል። አሁን ከጨርቁ ክሩ ይበዛል።

ሹሙ ስንሻውን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

«የት በኩል ይታያል?»

«አይታይም፣ ክቡር ሹም። መሬት ውስጥ ነው።»

«ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምን ላሳይ ነው?»

«ያልሞተ ሰው ያሳዩ።»

«ያልሞተ ሰውማ በየአገሩ ሞልቷል» አሉ ሹሙ። «ምኑ ይገርማል?»

ስንሻው በሦስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ የተፈቀደለት ሹሙ ራሳቸው በወንዙ በሽታ ወድቀው ለሕክምና ወደ ሌላ ከተማ በሄዱ ጊዜ ነው። ምክትላቸው የሚፈርሙትን የማያነቡ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ፈረሙ። ቧንቧው በመኪና መጣ። ሰው ሁሉ ከየደጁ ቆፈረ። አዝመራ ነጠላዋን አሸርጣ ድንጋይ ስትለቅም ከረመች። ስንሻው የምንጩን ዓይን በሲሚንቶ ገንብቶ ከብት እንዳይገባበት ከደነው። አምስት ወር ፈጀ። በሚያዝያ አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰፈሩ መሃል ካለው ቧንቧ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃ ወጣ።

ሰው ጠጣ። ማንም ንግግር አላደረገም። በሳምንቱ ሰው ቧንቧውን ረስቶት፣ ወረፋ ላይ መጣላት ጀምሮ ነበር።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ እንደ ወትሮው ገደሉን አጠበ፤ የሚያጥበው ግን አልነበረም። በዚያ ወር የሞተች አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ እሷም ዘጠና ዓመቷ ነበር። ልጆቿም እንኳ ብዙ ማልቀስ አፈሩ። በሬን የሚመታ ጠፋ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ጉሮሮዬን አንድ ነገር ይበላኝ ጀመር። ጥጥ እየፈተልኩ ሳላስበው ስንኝ እገጥማለሁ፤ የማወርድበት ሰው ግን የለም። ይህን አልደብቅም። የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በሰኔ አጋማሽ ሹሙ ድነው ተመለሱ። ውሃው ሳይመረቅ መፍሰሱን ሲሰሙ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ መጡ። ጎንጤ ሪባኑን ጠቅልሎ ከኋላቸው ቆሟል።

«እትዬ አስካል» አሉኝ፤ ሹም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «በዚህ ከተማ ሳይለቀስለት የተቀበረ ነገር አለ?»

«የለም፣ ክቡር ሹም።»

«ይሄ ሁሉ ብረት ታዲያ እንዴት ሳይለቀስለት ተቀበረ?»

በሕጋችን እውነታቸውን ነበር። ውሻ እንኳ ሲቀበር አንድ ስንኝ ይባልለታል።

ለስንሻው ስነግረው መፍቻውን ከእጁ ሳያኖር ሳቀ።

«ቧንቧ ሞተ እንዴ?»

«ተቀብሯል አይደል?»

«እሺ፣ እታለም። ካልቀረ ሁለት ስንኝ በይና ጨርሺ። በቧንቧው አፍ ግን እንዳትናገሪ።»

«ብናገር ምን አለበት?»

«ከአፉ ውሃ እየወጣ ነው። ይበቃዋል።»

እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር።

በሥነ ሥርዓቱ ቀን ከተማው አደባባይ ላይ ነቅሎ ወጣ። ቧንቧው በሥሩ ባለፈበት አፈር ላይ ሰዉ ክብ ሠራ። እኔ መሃል ገባሁ። ሁለቱን ስንኝ አልኩ፤ ስለ ድካሙ፣ ስለ ቆፋሪዎቹ ክንድ። ሰው በትሕትና ሰማኝ። ማንም አላለቀሰም። አንድ ሰው ሲያዛጋ አየሁት። ሹሙ ሰዓታቸውን አዩ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሰው አዛግቶብኝ አያውቅም። ሁለት ወር ጉሮሮዬ ውስጥ የተጠራቀመው ነገር ያኔ ገንፍሎ ወጣ። «እኔ» አልኩ፤

ፀሐይ የለመድኩኝ ያደባባይ ወዳጅ፣
ምነው ቀበራችሁኝ ሳልሞት ከቤት ደጅ።
አፈሩ ከበደኝ፣ ጨለማውም ገፋኝ፤
የወለደች አገር እጇን ልካ ታውጣኝ።

ሌላም አልኩ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ያዛጋው ሰውዬ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲንሰቀሰቅ አየሁት። ጎንጤ በሪባኑ ዓይኑን ጠረገ። በዚያው ጠዋት ከዚያው ቧንቧ ውሃ ቀድተው የመጡ ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ስጨርስ ሹሙ እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ መሃል ገቡ።

«ሰማችሁ?»

«ሰማን!»

«ምን አለ?»

«ታውጣኝ አለ!»

«ማን ታውጣው?»

«አገር!»

ሰዉ ዶማውን ሊያመጣ ወደየቤቱ ሮጠ። የቀበሩት እነሱ ናቸው፤ የት እንደተቀበረ ያውቃሉ። ስንሻው ከአደባባዩ ዳር ቁጭ ብሎ ነበር። ወደ እሱ ሄድኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር መሃል ምን ብዬ እንደጠየቅኩት ብነግራችሁ ትንቁኛላችሁ፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። «እንዴት ነበር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «በጣም ጥሩ ነበር፣ እታለም» አለ። «እንደ ዛሬ ሆኖልሽ አያውቅም።»

በአምስት ወር የተቀበረው በሁለት ቀን ወጣ። እኔ ያለቀስኩት ለንጹሑ ውሃ ቧንቧ ብቻ ነበር፤ የቆሻሻውን ግን «ወንድሙ ነው፣ ለብቻው አይቀርም» ብለው አወጡት። የምንጩንም ክዳን ሰበሩ፤ የቧንቧው ራስ እዚያ ተይዞ ነበርና። ብረቱን ሁሉ አደባባይ ላይ ከመሩት። የቆርቆሮ ጥላ ተሠራለት። በሰባት ዓይነት ቀለም ተቀባ። ሪባኑ ለሠላሳ ሁለተኛ ጊዜ ተቆረጠ።

አቧራ እንዳይይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠብ ነበር። የሚታጠብበትን ውሃ ሴቶቹ ከወንዝ ይቀዱ ነበር።

እንግዶች መጡ። አንዱ እንግዳ ክምሩን ዞሮ ዞሮ አየና «ውሃውስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ውሃው ወንዝ ውስጥ ነው» አሉ ሹሙ በኩራት። «ቧንቧው እዚህ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም አለን።»

እንግዳው በመዝገብ ላይ መልካም ቃል ጽፎ ሄደ።

ሐምሌ ሦስት ቀን በሬ ተመታ። የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ሄድኩ፤ አለቀስኩ። ሐምሌ ስምንት ደግሞ ሁለት ሰው። ሐምሌ ሲጋመስ በአንድ ቀን ሦስት ቤት ሄድኩ፤ በሦስተኛው ቤት ድምፄ ተዘጋ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ጠዋት ሆዱን ያለ ሰው ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጣቱ ተጨማድዶ ይገኛል። አንዲት እናት ልጇ ሬሳ ላይ ተደፍታ «ባለፈው ክረምት ቢሆን እሺ፤ ዘንድሮማ ውሃ ገብቶልን አልነበረም እንዴ?» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ለእኔ ነበር የደረሰኝ።

ስንሻው አያናግረኝም ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ «አፍሉ፣ አፍልታችሁ ጠጡ» ይላል። እንጨቱ ርጥብ ነው፤ የሚያፈላ ጥቂት ነው። ወደ ሹሙ ሄዶ ቧንቧው ተመልሶ ይቀበር ብሎ ለመነ። ሹሙ አዘኑለት።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ስንሻው? ቧንቧው ራሱ አውጡኝ ብሏል። ቃሉን ቢለውጥ ደስ ባለኝ። ግን አሁን አልተቀበረም፤ ያልተቀበረ ደግሞ አይለቀስለትም፤ ያልተለቀሰለት አይናገርም።»

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን አዝመራ ደጄ መጣች። ከሰኔ ጀምሮ ሰላምታ ነፍጋኝ ነበር። «ነይ» አለች፤ ተመልሳም ሄደች።

ስንሻው ግድግዳውን ተደግፎ ተኝቷል። ከጤና ኬላው ነርሷ መጥታ ነበር። መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። «የፈላ ንጹሕ ውሃ፣ ስኳርና ጨው በጥብጣችሁ ሳትቆጥቡ ስጡት» አለችን። «ከወንዙ ግን አይሁን፤ ብታፈሉትም እፈራለሁ።» ሌላ ቤት ይጠብቃት ስለነበር ሄደች።

ጀሪካን ይዤ ስነሣ በዓይኑ ጠራኝ። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«እታለም፣ ስሞት የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

«አትሞትም። ውሃ ላምጣ።»

«ስሚኝ። ግጥም አትግጠሚ። ቤት አይምታ። እንዲህ በይ፤ ‹ቧንቧውን ከላይኛው ምንጭ እስከ ሰፈሩ፣ ክንድ ተኩል አውርዳችሁ ቅበሩት።› አለቀ። ሌላ ቃል አትጨምሪ። እስቲ በይው።»

አልኩት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። የድሮ ሳቁ ከንፈሩ ላይ መጣ። «ቤት ሳትመቺ ከጨረስሽ፣ ሞቼም ቢሆን እገረማለሁ።»

ወደ ላይኛው ምንጭ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ክዳኑ ከተሰበረ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ሦስት ላሞች ውስጡ ቆመዋል። አንዷ ጭራዋን አነሣች። አባረርኳቸው። ውሃው ከዓለቱ ወደሚወጣበት ስንጥቅ እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ በጣሳ በጣሳ ቀዳሁ። ጀሪካኑ እስኪሞላ ስንት ጣሳ እንደሆነ እየቆጠርኩ፣ ቁጥሩ እየጠፋኝ፣ እንደገና እየጀመርኩ። ያኔ ያ የእኔ ስንኝ እስከዚህ ድረስ እንደመጣ አየሁ፤ እስከ ላሟ ጭራ ድረስ።

ስመለስ እሳቱን ለኮስኩ። እንጨቱ ጭሱ እንጂ ነበልባሉ አልወጣ አለ። ተንበርክኬ ነፋሁ። ውሃው ማዜም ጀመረ። ጥቃቅን አረፋ ከሥሩ ተነሣ። አዝመራ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ተዪው» አለች።

ለምን እንዳልተውኩት አላውቅም። እስኪፈላ ድረስ ነፋሁት። ከፈላ በኋላም አቀዘቀዝኩት። በእሱ አጠብነው።

በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ወጣ፤ ሰው ስንሻውን ይወደው ነበር። ሹሙ ጥቁር ለብሰው ከፊት ቆሙ። አዝመራ ከሴቶቹ መሃል ሆና ዓይኖቿን ከእኔ አልነቀለችም፤ ወንድሜ ሲያስደግመኝ ሰምታለች። ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ስል ነበር ያደርኩት። ክብ ውስጥ ገባሁ።

«እኔ ስንሻው» አልኩ። «ቧንቧውን ከላይኛው ምንጭ...»

ሰዉ ተያየ። በእኛ ዘንድ በሬሳ ላይ እንደ ገበያ ወሬ መናገር ሟቹን መሳደብ ነው። አንዲት አሮጊት ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ውይ፣ ለገዛ ወንድሟ? ለባዕድ ስታፈስ ኖራ ለሥጋዋ ነፈገችው?» አለች። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ደንግጣ ነው» አለቻት። ሬሳውን አየሁት። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጣም ቀጭን ሆኖ ነበር። ወንድሜ ነው፤ ታናሼ ነው፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ያላለቀሰለት እሱ ብቻ ሊሆን ነው። አፌ ሥራውን ጀመረ፤

ቅበሩት ብረቴን፣ አፈር አልብሱልኝ፤
ከጎኔ አይራቅ፣ ይህን አድርጉልኝ።

«ከጎኔ» ያልኩት ሁልጊዜ ስለምለው ነው። ለገበሬው ሞፈሩን፣ ለሸማኔው መወርወሪያውን ከጎኔ አይራቅ እላለሁ፤ የሙሾ ወጉ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አዝመራ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰማችሁ?» አሉ ሹሙ እያለቀሱ።

«ሰማን!»

ከአደባባዩ ቧንቧውን በሸክም አመጡት፤ የንጹሑንም የቆሻሻውንም። የመቃብሩን ስፍራ ከአጥር እስከ አጥር ቆፈሩት። እንደዚያ ቀን ሰው ሲተጋ አላየሁም፤ ላቡ ከእንባው ጋር ይወርዳል። ባለ ሰባት ቀለሙን ብረት ከስንሻው ጎን ጎን እየደረደሩ፣ አፈሩን በእጃቸው እያለሰለሱ ቀበሩት። ከምንም አልተገናኘም። ከሙታን ወደ ሙታን ተዘረጋ።

«እዚህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ከምንጩ ነው! ከምንጩ እስከ ሰፈሩ ነው!»

ነገር ግን ሙሾው አልቋል፤ ከክቡ ወጥቻለሁ። አሁን ወንድሟ የሞተባት ሴት ብቻ ነበርኩ። ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። «አይዞሽ፣ እትዬ አስካል፤ ሐዘኑ ነው፤ ሐዘኑ ነው» አሉኝ። ጠጪ ብለው በጣሳ ውሃ ሰጡኝ። ከወንዙ ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ የስንሻውን ቃል በወረቀት ጽፌ ወደ ሹሙ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ ቤት አይመታም።»

«አይመታም፣ ክቡር ሹም። እሱ ያለው ግን ይሄንን ነው።»

«የሟች ቃል ቤት ይመታል፣ እትዬ አስካል። ይህንን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?» ወረቀቱን በክብር አጥፈው መለሱልኝ። ከበር ሲሸኙኝም በደግነት አስጠነቀቁኝ። የተለቀሰለትን ነገር ከመቃብር ያወጣ ሰው ከእድር ይሰረዛል። ሲሞት አይለቀስለትም፤ ማንም አፈር አያለብሰውም። እንደ በቅሎዋ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ በሬ ሲመታ አልከፈትኩም። በእኔ ቦታ አንዲት ወጣት ተተካች፤ ድምፅዋ መልካም ነው። በመስከረም አሥር ቀን ውስጥ ሰባት ጊዜ ከሩቅ ሰማኋት። ሰባተኛዋ ሟች የጎንጤ ሚስት ናት። በማግሥቱ፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ዶማ ይዤ በጠራራ ፀሐይ ወደ መቃብሩ ወጣሁ።

ከገበያ የሚመጣው ሰው መቆፈሬን ሲያይ ሸክሙን አወረደ። አንድ ሁለት እያለ ተሰበሰበ። ከልማድ የተነሣ ክብ ሠራ፤ የምለውንም ጠበቀ። እኔ ግን ቆፈርኩ። አፈሩ አዲስ ስለነበር እሺ አለኝ። ብረቱ ብቅ አለ፤ ቀለሙ አልለቀቀም።

«አስካል» አለኝ ከክቡ አንድ ሰው፣ የእድሩ ዳኛ ነው። «ተይ። ይሄን አውጥተሽ ነገ ማን ሊያለቅስልሽ ነው?»

አልመለስኩለትም። ብናገር ቤት ይመታብኛል ብዬ ፈራሁ።

ክቡ በአንድ በኩል ተከፈተ። አዝመራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ገባች። አካፋ ይዛለች። የእድሩን ዳኛ አልፋው ሄደች፤ እኔንም አላየችኝም። ከብረቱ ሌላኛው ጫፍ ወርዳ አፈሩን ትዝቅ ጀመር። ሁለታችንም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሠራን። የመጀመሪያው ቧንቧ ከነርዝመቱ ሲገለጥ አካፋዋን ጥላ ጎንበስ አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ምን ቆመሻል? በዚያ በኩል ያዢው።»

ያዝኩት። ጫፉን ወደ ትከሻዬ አወጣሁት። ክቡ ተከፈተልን። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነን ወደ ምንጩ የሚወስደውን ዳገት ጀመርነው።